ለአባቴ የቱን ባትሪ ልግዛ? ሶፊርን ኤስሲ31 ፕሮ ወይስ ወርኮስ ኤፍሲ11

የሮቢት_ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት። ቀላል ጉዳይ መስሎኝ ገባሁበት፤ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አሳጣኝ።

ለፋሲካ አገር ቤት እገባለሁ። አባባ ደወሉና «ስትመጣ አንድ ደህና ባትሪ ያዝልኝ» አሉ። በቃ፣ ሌላ ማብራሪያ የለም። እኔ ቨርጂኒያ ቁጭ ብዬ ገበያውን ስከፍት የእጅ ባትሪ ሳይሆን የአውሮፕላን ማረፊያ መብራት የሚሸጡ ነው የመሰለኝ።

የአባባ ሥራ ይሄ ነው። ሸዋ ሮቢት አካባቢ ሽንኩርት ያለማሉ። ውሃው ከወንዝ ተጠልፎ በቦይ ይመጣል፤ በተራ ነው። የውሃ አባቱ «ተራህ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው» ካለ 7 ሰዓት ላይ ማሳህ ውስጥ ትገኛለህ። አለዚያ ውሃው ወደ ጎረቤት ያልፋል። አሁን በእጃቸው ያለችው ሁለት ትልልቅ ድንጋይ የምትጎርስ የቆርቆሮ ባትሪ ናት። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። ልጅ ሆኜ የተሰጣ ድንጋይ ማገላበጥ የእኔ ሥራ ነበር፤ ልክ እንደ በርበሬ።

ካየሁት ሁሉ ሁለት ቀሩኝ። ሁለቱም መዳፍ ውስጥ ይገባሉ። ሁለቱም 18650 በሚባል አንድ የሚሞላ ድንጋይ ይሠራሉ፣ በዩኤስቢ ሲ ገመድ ይሞላሉ፣ ዋጋቸውም 30 ዶላር ዙሪያ ነው። ሶፊርኑ 2000 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ይላል፤ ወርኮሱ 1300። በሂሳብ ጎበዝ ባልሆንም 2000 ከ1300 እንደሚበልጥ አውቃለሁ። 700 ሉመን ምርቃት ማን ይጠላል? ከመግዛቴ በፊት ግን እስቲ በሉኝ።

ነገረኛው

2000ውን ውሰድ። ጅቡም ፀሐይ ወጣች ብሎ ይገባል።

ቆጣሪ_አንባቢ

እንኳን መጣህ ወንድሜ። ኤሌክትሪሻን ነኝ፤ ባትሪ እንጀራዬ ነው።

በካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር እንደ ዳቦ ክብደት አትየው። የእጅ ባትሪ አምራቾች የሚከተሉት ኤፍኤል1 የሚባል የአሜሪካ የመለኪያ ደንብ አለ፤ በ2009 ወጣ። በዚያ ደንብ ሉመኑ የሚለካው ባትሪው በበራ በ30ኛው ሰከንድ ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ካርቶኑ አይነግርህም። የሚሆነው ደግሞ ይሄ ነው፦ አውራ ጣት የምታክል የአሉሚኒየም ቱቦ ከ15 ዋት በላይ ስትሸከም በደቂቃ ውስጥ ታቃጥላለች። ስለዚህ ውስጧ ያለው መቆጣጠሪያ ራሱ ብርሃኑን ይቀንሰዋል። የሁለቱም ዕጣ አንድ ነው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ 2000ውም 1300ውም ወርደው ወርደው ተቀራራቢ ቦታ ይገናኛሉ።

ሁለተኛ፣ ዓይን እንደ ቆጣሪ አይቆጥርም። አንድ ብርሃን እጥፍ ደምቆ እንዲታይህ አራት እጥፍ ገደማ መሆን አለበት። 1300 እና 2000ን ጎን ለጎን ግድግዳ ላይ ካላበራህ በቀር ለይተህ አታውቃቸውም። ምርቃት ያልከው 700 ሉመን የሚታየው ካርቶኑ ላይ ነው።

የሮቢት_ልጅ

ገባኝ፣ ግን ርቀትስ? ሌሊት ከማሳው ጫፍ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ምን እንደሆነ ማየት አለባቸው። ጅቡ ቀልድ አይደለም፤ እዚያ አለ።

ቆጣሪ_አንባቢ

ርቀት የሉመን ጉዳይ አይደለም። ሉመን ከባትሪው የሚወጣው ብርሃን በጠቅላላ ነው። ርቀት የሚለካው በካንዴላ ነው፤ ብርሃኑ ወደ አንድ አቅጣጫ ምን ያህል ተሰብስቧል ማለት ነው። የቤት አምፖል ብዙ ሉመን አለው፤ መንገድ ማዶ ግን አይደርስም።

ሂሳቡን ከወደድክ ቀላል ነው። የካንዴላውን ስኩዌር ሩት አውጥተህ በ2 ስታባዛው ርቀቱን በሜትር ታገኛለህ። 10,000 ካንዴላ ያለው 200 ሜትር ይጻፍበታል። ግን ያ «200 ሜትር» ማለት እዚያ ቦታ ላይ 0.25 ሉክስ አረፈ ማለት ነው፤ የሙሉ ጨረቃ ብርሃን ያህል። በጨረቃ ብርሃን 200 ሜትር ላይ ጅብና የጎረቤት ውሻ ትለያለህ? እኔ አልለይም። የተጻፈውን ለሁለት ክፈለው፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ነው በርግጥ የምታየው። ርቀቱን እጥፍ ለማድረግ ደግሞ አራት እጥፍ ካንዴላ ያስፈልጋል።

ሁለቱም የመረጥካቸው መካከለኛ ናቸው። ሩቅ ወርዋሪ አይደሉም፤ ለግቢ ያህል የሚዘረጉም ብቻ አይደሉም። ለሽንኩርት ማሳ ይበቃሉ።

ሲስተር_ከደጋ

ይቅርታ፣ ስለ ቀለሙ ማንም አላነሳም። ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። መብራት የሚሄደው ደግሞ ሁልጊዜ ምጥ ሲፋፋም ነው። ምክንያቱን እግዜር ይወቀው።

ከዓመታት በፊት ገበያ ላይ የገዛሁት፣ ስምም የሌለው፣ በረዶ የመሰለ ነጭ ብርሃን የሚተፋ ባትሪ ነበረኝ። ደማቅ ነው፤ አይካድም። ግን በሱ ብርሃን ደም ቡናማ ይሆናል። የሕፃን ከንፈር ቀላ ወይስ ጠቆረ ብለህ መፍረድ አትችልም። አንድ ሌሊት በሱ እየሠራሁ የልጁ መልክ አስደንግጦኝ ሮጥኩ። በስልክ መብራት ሳየው ደህና ነው። ባትሪውን ያን ቀን ለጥበቃው ሰጠሁት።

የወርኮሱ መብራት የሳምሰንግ ኤልኤች351ዲ ነው፤ ቀለም አሳዪነቱ (ሲአርአይ የሚሉት) ከ90 በላይ። የሶፊርኑ ኤስኤስቲ40 ነው፤ ጉልበታም ነው፣ ቀለም ላይ ግን 70 አካባቢ ነው። እኔ ብሆን ሳላመነታ 90ውን።

ነገረኛው

ሲስተር፣ ሰውዬው ሽንኩርት ሊያዋልዱ ነው እንዴ?

ሲስተር_ከደጋ

@ነገረኛው ሽንኩርትም ይታመማል ልጄ። ቅጠሉ ቢጫ ጣለ፣ ጫፉ ወየበ፣ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ወጣበት፤ ይሄ ሁሉ ቀለም ነው። ደግሞ እባብ አፈር ላይ አፈር ነው የሚመስለው። በነጭ ብርሃን ሁሉም ግራጫ ነው።

ቆጣሪ_አንባቢ

ሲስተር እውነቷን ነው። አንድ ልጨምር። ሲአርአይ የሚባለው ቁጥር የስምንት ፈዛዛ ቀለሞች አማካይ ነው፤ ደማቅ ቀይ ውስጡ የለም። እሱ አር9 ተብሎ ለብቻው ነው የሚለካው። ርካሽ ኤልኢዲ የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው። በርበሬ ላይ አብርተህ ሞክር፤ ጭቃ ከመሰለህ ባትሪህ ቀይ አያውቅም። እኔ በሥራዬ ቀዩን ሽቦ ከቡናማው መለየት አለብኝ፤ ስሳሳት የሚስቀው ሰውዬ አይደለም፣ ገመዱ ነው።

ሳጂ_ጋራዥ

ሰላም ከዱባይ። መኪና ነው የምጠግነው። ኤፍሲ11 አለኝ፤ አንድ ነገር ብቻ ልናገር። ቂጡ ላይ ማግኔት አለው። ኮፈኑ ሥር ልጥፍ አድርጌው ሁለት እጄን ነጻ አደርጋለሁ። ኤስሲ31 ፕሮ ማግኔት የለውም። ለእኔ ውይይቱ እዚህ ላይ አለቀ።

ሌላው፣ መኪና ውስጥ አትተዉት። እዚህ በበጋ የቆመ መኪና ውስጥ 60 ዲግሪ ማለፉ ብርቅ አይደለም። የሊቲየም ድንጋይ ሙቀት አይወድም፤ ቶሎ ያረጃል። ሮቢትም ቆላ ነው፤ አባትህ እንደ ድሮው ድንጋይ «ይጠንክርልኝ» ብለው ፀሐይ ላይ እንዳያሰጡት!!

የሮቢት_ልጅ

ሳጂ፣ ያንን ስላሰብክልኝ እግዜር ይስጥህ። በእርግጠኝነት ያሰጡት ነበር።

አንዱሪል_ወዳድ

ሁላችሁም ወርኮስ ወርኮስ አላችሁ። ለሶፊርኑ ጠበቃ ልቁም።

ኤስሲ31 ፕሮ ውስጥ አንዱሪል የሚባል ፕሮግራም አለ። ቶይኪፐር በሚል ስም የምትታወቅ ፕሮግራመር ጽፋ ለሁሉም በነጻ የለቀቀችው ነው። አንድ ቁልፍ ብቻ ነው ያለው፣ ግን ምን የማይሠራ አለ? አንዴ ጫን፣ ይበራል። ተጭነህ ያዝ፣ እየደመቀ ይሄዳል፤ የፈለግከው ላይ ስትደርስ ልቀቅ። ከጠፋበት ተጭነህ ብትይዘው ከጨረቃ ያነሰ ብርሃን ይሰጥሃል፤ ሰው ሳትቀሰቅስ ደጅ ትወጣለህ። ሁለቴ ጫን፣ በሙሉ ጉልበቱ ይተፋል። ሦስቴ ጫን፣ ድንጋዩ ምን ያህል እንደቀረው ቆጥሮ ይነግርሃል፦ አራት ጊዜ ብልጭ፣ ትንሽ ዝም፣ አንድ ጊዜ ብልጭ ካለ 4.1 ቮልት ነው፣ ሙሉ ሊባል ምንም አልቀረው። ወደ 3 ቮልት ገደማ ከወረደ ሙላኝ እያለህ ነው። አራቴ ጫን፣ ይቆለፋል፤ ኪስ ውስጥ በራሱ አይበራም። በ30 ዶላር ይሄን ሁሉ ማን ይሰጥሃል?

ቆጣሪ_አንባቢ

@አንዱሪል_ወዳድ ያልከው ሁሉ ልክ ነው፤ ችግሩም እሱው ነው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት፣ እጃቸው ጭቃ ነው። አንዴ ይጫናሉ፤ የበራ አልመሰላቸውም፣ ደጋግመው ይጫናሉ። አራት ሲሞላ ተቆለፈ። ከዚያ በኋላ አንዴ ቢጫኑት አይበራም። «ልጄ ከአሜሪካ ያመጣው ባትሪ አንድ ሳምንት አልቆየም» ተብሎ ሮቢት ገበያ ላይ ይወራል።

የሮቢት_ልጅ

ሃሃሃ። አባባ ስልካቸውን ሲነኩ ቡና የሚወቅጡ ነው የሚመስሉት። አራቴ አይደለም፣ አሥራ አራቴ ይጫናሉ።

አንዱሪል_ወዳድ

ቀለል ያለ አሠራር አለው እኮ፤ እሱ ላይ አድርገህ ትሰጣቸዋለህ።

ቆጣሪ_አንባቢ

ቀለል ያለው ላይም መቆለፊያው አለ። እኔ አንዱሪልን እወደዋለሁ፤ ኪሴ ውስጥ ያለው እሱ ነው። ለአባቴ ግን አልሰጥም። የኤፍሲ11 አሠራር ጠባብ ነው፤ ለእሳቸው ጥሩነቱ መጥበቡ ነው።

ድንጋይ_ሻጭ_ነበርኩ

ስለ ድንጋዩ ማንም አላወራም። ባትሪ ማለት ድንጋይ ነው፤ ቀሪው ቆርቆሮ ነው።

18650 ማለት ስፋቱ 18 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ 65 ሚሊ ሜትር ማለት ነው፤ መጨረሻዋ ዜሮ ክብ ነው ለማለት ናት። ሁለቱም ባትሪዎች ይዘው የሚመጡት 3000 ሚሊ አምፔር ሰዓት አካባቢ ነው። ገበያ ላይ «9900» የተጻፈበት ታያለህ። ወንድሜ፣ ውሸት ነው። በዚህ መጠን ደህና የሚባለው 3500 ዙሪያ ነው። አንድ ጊዜ ከመንገድ ዳር 9900 የሚል አራት ፍሬ ገዝቼ ወደ ቤት ይዤ ስገባ ቅለቱ ገረመኝ። አንዱን ሚዛን ላይ ሳደርገው ከ30 ግራም በታች ነው። ደህና 18650 45 ግራም ገደማ ይመዝናል። ውስጡ ምን እንዳለ አልከፈትኩም፤ መክፈትም አይገባም። ከዚያ ወዲህ ድንጋይ የምገዛው መጀመሪያ በእጄ መዝኜ ነው።

ለአባትህ አንድ ተጨማሪ ደህና ድንጋይ ከዚያው ግዛ። እዚያ ፍለጋ እንዳይወጡ።

በአውሮፕላን ስትይዘው ተጨማሪው ድንጋይ የእጅ ሻንጣ ውስጥ ነው የሚገባው፣ የሚጫነው ውስጥ አይደለም። ለሁሉም አየር መንገድ ደንብ ነው። እያንዳንዱን በፕላስቲክ መያዣ አድርገው፤ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር እንዳይነካካ። የአንዱ ጉልበት 10.8 ዋት ሰዓት ነው፤ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያዘው እስከ 100 ስለሆነ ስጋት አይግባህ።

የሮቢት_ልጅ

በጣም አመሰግናለሁ። አሁን ወደ ወርኮሱ እየተንሸራተትኩ ነው። አንድ ጥያቄ። ቤት ውስጥ መብራት ይመጣል ይሄዳል፤ ግን ዩኤስቢ ያላት ትንሽ ሶላር አላቸው፣ ስልክ የሚሞሉባት። ትሆናለች?

ድንጋይ_ሻጭ_ነበርኩ

ትሆናለች፣ ቀስ ብላ። ቀን ሰክተው ይተዉት። አንድ ነገር ብቻ፦ አንዳንድ ርካሽ ባትሪዎች ሁለቱም ጫፉ ዩኤስቢ ሲ በሆነ ገመድ አይሞሉም፤ አንደኛው ጫፍ ሰፊው የድሮው መሆን አለበት። ከሳጥኑ ጋር የሚመጣውን አጭር ገመድ አትጣለው።

ስለ ቆይታው ደግሞ በግምት ልንገርህ። 100 ሉመን አካባቢ ላይ ካደረጉት አሥር ሰዓት ገደማ ይሄዳል። 100 ሉመን ለቦይ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ጨለማ የለመደ ዓይን ብዙ አይፈልግም፤ ይልቅ በሙሉ ጉልበቱ ካበሩት ሲያጠፉት ለደቂቃዎች ምንም አያዩም።

እንግዳ_ከሐይፋ

ዘግይቼ ገባሁ። ሁላችሁም አንድ ነገር ዘላችሁ። ውሃ የሚያጠጣ ሰው እጁ ላይ አካፋ አለ። ቦይ ይከፍታል፣ ቦይ ይደፍናል። ባትሪውን በምኑ ሊይዝ ነው? የግንባር ባትሪ ግዛላቸው፣ ክርክሩም ያልቃል።

ቆጣሪ_አንባቢ

አፈርኩ። ይሄን ያህል ጽፌ አካፋው ትዝ አላለኝም።

የሮቢት_ልጅ

@እንግዳ_ከሐይፋ ልክ ነህ፤ ትናንት ደውዬ ጠየቅኳቸው። «ግንባሬ ላይ?» አሉኝ። «እኔ የማዕድን ቆፋሪ ነኝ?» ጋቢያቸውን ተከናንበው ነው የሚወጡት፤ ማሰሪያው ጋቢው ላይ አይቆምም። ድሮውንም ባትሪዋን ብብታቸው ሥር ይሸጉጧታል፣ አንዳንዴም ጥርሳቸው ውስጥ። ብዬ ብዬ ደከመኝ። ወርኮሱን ገዝቻለሁ፣ ሞቅ ባለው ቀለም፣ ከአንድ ተጨማሪ ድንጋይ ጋር።

ሶፊርኑንም ገዛሁት። ለራሴ። አትሳቁ።

ነገረኛው

ሳቅን።

የሮቢት_ልጅ (ከአምስት ሳምንት በኋላ)

ተመልሻለሁ። አንዳንዶቻችሁ በውስጥ መስመር ስለጠየቃችሁኝ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያውን ማታ አባባ ደጅ ወጥተው ሁለቴ ተጫኑት። እንዴት እንደሚደረግ አላሳየኋቸውም ነበር፤ እንዲያው በድንገት ነው። መንደሩ በሙሉ ነጋ። ውሻ ሁሉ ጮኸ። አባባ ዝም ብለው አዩትና አጠፉት። «ይሄ ለሰው ነው?» አሉ። ከዚያ ወደ ሳጥኑ መልሰው ቁም ሳጥን ውስጥ ከነላስቲኩ አስቀመጡት፤ ለእንግዳ ይሆናል ብለው። ሁለት ሌሊት ውሃ ያጠጡት በዚያችው በቆርቆሮዋ ነው።

ያወጣችው እማማ ናት። መብራት ሲሄድ ወጥ ቤት ይዛው ገባች፣ እሱም ምጣዱን ከሚሸፍነው ቆርቆሮ ላይ በራሱ ተለጠፈ። ጮኸች። አባባ ሮጠው መጥተው ነቀሉት፣ ለጠፉት፣ እንደገና ነቀሉት። የበሩን ማጠፊያ ሞከሩ። ማጭዱን ሞከሩ። ምንም አላሉም።

በማግሥቱ ሌሊት ተራቸው ደረሰና አብሬያቸው ወጣሁ። አካፋቸውን ይዘዋል፤ ሁለተኛ አሮጌ አካፋም ትከሻቸው ላይ አለ። ለምን ሁለት እንደሆነ አልገባኝም። ማሳው ጋ ስንደርስ አሮጌውን በእጀታው ገልብጠው ቦዩ ዳር ጭቃው ውስጥ ተከሉት። ብረቱ ወደ ላይ፣ ወገባቸው ድረስ። ባትሪውን ብረቱ ላይ ጠብ አደረጉት። ብርሃኑ ቦዩን ይዞ ቀጥ ብሎ ሄደ፤ ውሃው ሲመጣ ከሩቅ ያብለጨልጫል። በሁለት እጃቸው መሥራት ጀመሩ። ዝቅ ባለው ብርሃን ላይ ነበር ያደረጉት፤ እሱንም ራሳቸው ናቸው ያገኙት።

ውሃው ወደ ሚቀጥለው መደብ ሲያልፍ አካፋውን ነቅለው አሥር እርምጃ ወደፊት ይተክሉታል። እንዲህ እያደረጉ እስከ ጎሕ ድረስ ሄዱ።

ሳጂ_ጋራዥ

ማግኔት ብያችሁ ነበር።

አንዱሪል_ወዳድ

ሶፊርኑስ?

የሮቢት_ልጅ

ኪሴ ውስጥ ነው። ተቆልፏል። እንዴት ነበር የሚከፈተው?

አንዱሪል_ወዳድ

አራቴ።